ዜጋ ያልሆነ ቋሚ ነዋሪና የውጭ አገር ጉዞው

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




በዚህ ጉባኤ ላይ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ለሕግ ዐዋቂዎች ብቻ የሚተው አይደለም። በዚህ አዳራሽ ከተቀመጥነው መካከል ሐኪሙም፣ መሐንዲሱም፣ የሒሳብ ዐዋቂውም፣ መምህሩም አንድ የጋራ ጉዳይ አላቸው፤ ይኸውም ሥራቸውና ቤታቸው በአንድ አገር፣ እናትና አባታቸው በሌላ አገር መሆናቸው ነው። በሁለቱ መካከል የሚመላለስ ሰው የያዘው ወረቀት ምን እንደሚፈቅድለትና ምን እንደሚከለክለው ጠንቅቆ ካላወቀ፣ ለለቅሶ ብሎ የወጣበትን በር ሲመለስ ተዘግቶ ሊያገኘው ይችላል። ስለዚህ በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት በቋሚነት የሚኖር፣ ነገር ግን የዚያ አገር ዜጋ ያልሆነ ሰው፣ ወደ ውጭ አገር ሲሄድና ሲመለስ የሚመራበትን ሕግ እንደ ዐቅሜ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ነገሩን ከስሙ እንጀምር። «ቋሚ ነዋሪ» የሚለው ስያሜ ብዙውን ሰው ያሳስታል። «ቋሚ» ሲባል አንድ ጊዜ ከተገኘ የማይጠፋ ይመስላልና። ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣው የኢሚግሬሽንና የዜግነት ሕግ ቋሚ ነዋሪን ሲተረጉም፣ በአገሪቱ ውስጥ በቋሚነት የመኖር መብት በሕግ የተሰጠውና ይህም ሁኔታው ያልተለወጠ ሰው መሆኑን ይገልጻል። የትርጉሙ ክብደት ያለው በመጨረሻው ሐረግ ላይ ነው። ዜጋ አገሩን ትቶ 30 ዓመት በባዕድ ምድር ቢቀመጥ ዜግነቱ አብሮት ይቀመጣል። የቋሚ ነዋሪ መብት ግን ከኑሮው ጋር የተጋመደ ስለሆነ፣ ኑሮው ሲነቀል መብቱም ይነቀላል።

ሕዝቡ «ግሪን ካርድ» የሚለው ወረቀት ቀለሙ በየዘመኑ ሲለዋወጥ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2010 እንደገና አረንጓዴ ሆኗል፤ ስሙ ግን ከሕዝቡ አፍ ወርዶ አያውቅም። ይህ ካርድ ለመብቱ ምስክር ነው እንጂ መብቱ ራሱ አይደለም። የካርዱ የ10 ዓመት ዘመን ቢያልቅ ነዋሪነቱ በዚያ ምክንያት አይፈርስም፤ መታደስ ያለበት ወረቀቱ ነው። በተቃራኒው ደግሞ ገና 7 ዓመት የቀረው ካርድ በኪሱ የያዘ ሰው ኑሮውን በሌላ አገር ከመሠረተ፣ ካርዱ አያድነውም። ከዚህ ሕግ የሚለየው በጋብቻ ምክንያት የሚሰጠው የ2 ዓመት ካርድ ነው። የዚህ ካርድ ባለቤት ዘመኑ ከማለቁ በፊት ባሉት 90 ቀናት ውስጥ ማመልከቻ ካላቀረበ መብቱ ራሱ ሊቋረጥ ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው ረጅም ጉዞ ከማሰቡ በፊት ቀኑን ይቁጠር።

ይህ ሕግ አሁን ያለበት ደረጃ ላይ የደረሰው በብዙ ሰዎች መከራ ነው። ከነዚህም አንዱ ኢግናትዝ መዜይ ነው። መዜይ በአሜሪካ 25 ዓመት የኖረ ሰው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1948 በሩማንያ በሞት አፋፍ ላይ ያሉ እናቱን ለማየት ወጣ። ሩማንያ አላስገባችውም፤ በሀንጋሪም የመውጫ ፈቃድ እስኪያገኝ 19 ወር ያህል ቆየ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1950 ኒው ዮርክ ሲደርስ ለአገር ደኅንነት ያሰጋል ተብሎ፣ ማስረጃው ሳይነገረውና ሳይሰማ እንዳይገባ ታገደና በኤሊስ ደሴት ተያዘ። ሌሎችም አገሮች አንቀበልም አሉት። እ.ኤ.አ. በ1953 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ5 ዳኞች ድምፅ በ4 ላይ መንግሥትን ደግፎ ወሰነ። መዜይ የተለቀቀው በ1954 ነው። እናቱን ለማየት የወጣ ሰው እናቱንም ሳያይ፣ ቤቱም ሳይገባ ዓመታት አለፉበት።

በዚያው በ1953 ግን ይኸው ፍርድ ቤት በሌላ ጉዳይ ላይ የተለየ ውሳኔ ሰጥቶ ነበር። ክዎንግ ሃይ ቹ የተባለ ቻይናዊ መርከበኛ፣ ቋሚ ነዋሪ ሆኖ በአሜሪካ መርከብ ላይ ሲሠራ ቆይቶ ሲመለስ ሳይሰማ እንዳይገባ ታዘዘ። ፍርድ ቤቱም ይህ ሰው ነዋሪነቱን ይዞ የወጣና ይዞ የተመለሰ ስለሆነ የመሰማት መብት አለው አለ። በሁለቱ ሰዎች መካከል ፍርድ ቤቱ ካየው ልዩነት ዋነኛው፣ የአንደኛው ጉዞ ከአሜሪካ ኑሮው ሳይለይ የተደረገ ሲሆን፣ የሁለተኛው ለረጅም ጊዜ ከአገር ውጭ መቆየቱ ነው። እስከ ዛሬም ድረስ የጉዳዩ ማጠንጠኛ ይኸው ነው።

ከዚያ በኋላ ሕጉ ቀስ በቀስ ለዘለለ። እ.ኤ.አ. በ1963 ፍርድ ቤቱ ፍሉቲ የተባለ የስዊስ ተወላጅ ለጥቂት ሰዓታት ወደ ሜክሲኮ ከተማ ኤንሴናዳ ሄዶ በመመለሱ እንደ አዲስ ገቢ ሊቆጠር እንደማይገባው ወሰነ። አጭርና ክፋት የሌለበት ጉዞ የነዋሪን መብት አያናጋም ማለት ነው። በ1982 ደግሞ በፕላሴንሲያ ጉዳይ፣ ተመላሽ ቋሚ ነዋሪ በድንበር ላይ ቢያዝም እንኳ ተገቢ የሕግ ሥርዓት ሳይጠበቅለት ሊገፋ እንደማይገባ ተረጋገጠ።

እ.ኤ.አ. በ1996 ምክር ቤቱ ሕጉን በጽሑፍ ወስኖ አስቀመጠው። በዚህ ሕግ መሠረት ተመላሽ ቋሚ ነዋሪ እንደ አዲስ መግቢያ ጠያቂ አይቆጠርም፤ የሚቆጠረው ከ6 ሁኔታዎች አንዱ ሲገኝበት ብቻ ነው። እነዚህም፦ ነዋሪነቱን የተወ እንደሆነ፤ ያለማቋረጥ ከ180 ቀን በላይ ከአገር ውጭ የቆየ እንደሆነ፤ ከወጣ በኋላ ሕገ ወጥ ሥራ የሠራ እንደሆነ፤ ከአገር የማስወጣት ወይም አሳልፎ የመስጠት ክስ እየታየበት የወጣ እንደሆነ፤ በሕጉ የተዘረዘሩ ወንጀሎችን የፈጸመ እንደሆነ፤ ሳይመረመር በስውር ለመግባት የሞከረ እንደሆነ ነው።

ስለ ወንጀል የተነገረውን በቀላሉ ልናልፈው አይገባም። ከዓመታት በፊት በፍርድ ቤት ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ቅጣቱን ፈጽሞ፣ ከዚያም በሰላም ሲኖር የቆየ ሰው፣ ለአንድ ሳምንት ወጥቶ ሲመለስ አሮጌው መዝገብ ሊነሣበት ይችላል። ቫርቴላስ በተባለው የግሪክ ተወላጅ ላይ የደረሰው ይህ ነው። በ1994 ጥፋቱን ያመነው ይህ ሰው በ2003 ወላጆቹን ለማየት ለአንድ ሳምንት ግሪክ ሄዶ ሲመለስ ተያዘ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2012 የ1996ቱ ሕግ ከመውጣቱ በፊት በተፈጸመ ጥፋት ላይ ወደ ኋላ ሄዶ ሊሠራ አይገባም ብሎ ፈረደለት። ከ1996 ወዲህ የተፈረደበት ሰው ግን በዚህ ውሳኔ ሊጠለል አይችልም። ስለዚህ ማንኛውም ዓይነት የወንጀል መዝገብ ያለበት ሰው የአውሮፕላን ትኬት ከመግዛቱ በፊት ጠበቃ ያማክር።

እንግዲህ መንገደኛው ሊያስታውሳቸው የሚገባ ሦስት የጊዜ መለኪያዎች አሉ። የመጀመሪያው 180 ቀን ነው። ከዚህ ያላለፈ ጉዞ በአብዛኛው ችግር አያመጣም፤ ከዚህ ያለፈው ግን መኮንኑ ጥልቅ ጥያቄ እንዲያቀርብና መንገደኛውን እንደ አዲስ ገቢ እንዲመረምር ያስችለዋል። ሁለተኛው 1 ዓመት ነው። 1 ዓመትና ከዚያ በላይ ከቆየ፣ ካርዱ ብቻውን የመግቢያ ሰነድ መሆኑ ይቀራል። ሦስተኛው 2 ዓመት ነው። ይኸውም የመመለሻ ፈቃድ የሚባለው ደብተር የሚያገለግልበት ረጅሙ ጊዜ ነው። ይህን ፈቃድ የሚፈልግ ሰው ማመልከቻውን ማስገባት ያለበት በአሜሪካ ምድር ላይ እያለ ነው፤ አዲስ አበባ ከደረሱ በኋላ ማመልከት አይቻልም። ፈቃዱም አይራዘምም። በ5 ዓመት ውስጥ ከ4 ዓመት በላይ በውጭ ለቆየ ሰው ደግሞ በአብዛኛው የሚሰጠው ለ1 ዓመት ብቻ ነው።

ያለ ፈቃድ ከ1 ዓመት በላይ የቆየ ሰው ተስፋው ጨርሶ አልተቋረጠም። በኤምባሲው የተመላሽ ነዋሪ ቪዛ ሊጠይቅ ይችላል። ሆኖም ሲወጣ የመመለስ ሐሳብ እንደ ነበረውና የቆየውም ከዐቅሙ በላይ በሆነ ምክንያት እንደሆነ ማስረዳት አለበት። ሕመም፣ የበረራ መቋረጥና የመሳሰሉት ሊጠቀሱ ይችላሉ፤ «ነገሩ ስላላለቀልኝ ቆየሁ» ማለት ግን አይበቃም።

አሁን ወደ ዋናው ስሕተት እንምጣ። ብዙ ሰዎች 6 ወር ሳይሞላ ገብቶ መውጣት መብቱን ለዘለዓለም ይጠብቃል ብለው ያምናሉ። ይህ ትክክል አይደለም። የቀን ቁጥር ብቻውን አይፈርድም። ሕጉ የሚጠይቀው ወደ ውጭ የተደረገው ጉዞ ጊዜያዊ ነው ወይስ አይደለም ብሎ ነው። ጉዞው ግልጽ ምክንያት ነበረውን? በቅርቡ እንደሚያልቅ የሚታወቅ ነገር ነበርን? ቤቱ፣ ሥራው፣ የትዳር ጓደኛውና ልጆቹ የት ናቸው? ግብር የሚከፍለው የት ነው? ነዋሪ አይደለሁም ብሎ የግብር ቅጽ የሞላ ሰው ግብሩ ቀነሰልኝ ብሎ ሲደሰት፣ ነዋሪነቱን እንደ ተወ የሚያስቆጥር ማስረጃ በገዛ እጁ እየጻፈ ነው።

በዚህ ረገድ የሚያሳዝነው የወላጆቻችን ጉዳይ ነው። ልጅ ዜጋ ሆኖ እናቱንና አባቱን በቋሚ ነዋሪነት ያመጣል። ወላጆቹ ግን በክረምት ብርድ ቤት ውስጥ ተዘግተው መዋልን አይችሉትም፤ ጎረቤቱ፣ ዕድሩ፣ ደብሩና የቤታቸው ደጅ ይናፍቋቸዋል። ስለዚህ አብዛኛውን ዓመት በአገር ቤት ይቆዩና «ካርዱ እንዳይቃጠል» ለአንድ ወር ብቅ ይላሉ። በሕጉ ዓይን ሲታይ እኒህ ሽማግሌ የአሜሪካ ነዋሪ ሆነው ኢትዮጵያን የሚጎበኙ ሳይሆኑ፣ የኢትዮጵያ ነዋሪ ሆነው አሜሪካን የሚጎበኙ ናቸው። አንድ ቀን ከረጅም በረራ በኋላ፣ ደክመው፣ በማይሰሙት ቋንቋ ሲጠየቁ እውነቱን ይናገራሉ፤ ቤታቸው የት እንደሆነ ሲጠየቁ «አገሬ ነው» ይላሉ። ልጆች ይህን አስቀድመው ሊያስቡበት ይገባል። በዋነኛነት በአገር ቤት መኖር ለሚፈልግ ወላጅ የጎብኚ ቪዛ ሊሻል ይችላል። ምርጫው ግን በቤተ ሰቡ ሸንጎ ተመክሮበት መደረግ አለበት እንጂ በድንበር መስኮት ፊት መደረግ የለበትም።

በመስኮቱ ፊት ለቆመ ሰው ሊታወቅ የሚገባው አንድ ነገር አለ። መኮንኑ ነዋሪነትህን ትተሃል ብሎ ቢያምን፣ አይ 407 የተባለውን ቅጽ እንዲፈርም ሊያቀርብለት ይችላል። ይህ ቅጽ በገዛ ፈቃድ ነዋሪነትን የመተው ቅጽ ነው። ማንም ሰው እንዲፈርመው አይገደድም። የማይፈርም ሰው በኢሚግሬሽን ዳኛ ፊት የመቅረብ መብት አለው፤ በዚያም ነዋሪነቱን ትቷል ብሎ በጠንካራና አሳማኝ ማስረጃ የማስረዳቱ ሸክም የሚወድቀው በመንግሥት ላይ ነው። የማያነበውን ወረቀት የሚፈርም ሰው ግን ይህን ሁሉ በአንድ ፊርማ ይሰጣል። እባካችሁ ይህን ለአዛውንቶቻችን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሚሰሙት ቋንቋ ንገሯቸው።

ሌላው መለየት ያለበት ነገር ነዋሪነትን መጠበቅና ለዜግነት መብቃት ሁለት የተለያዩ ሒሳቦች መሆናቸው ነው። ለዜግነት 5 ዓመት፣ ከዜጋ ባል ወይም ሚስቱ ጋር ለሚኖር ደግሞ 3 ዓመት ያልተቋረጠ ነዋሪነት ይጠየቃል። የ5 ዓመቱ አመልካች በጠቅላላው ቢያንስ 30 ወር በአካል በአገሪቱ ውስጥ መገኘት አለበት። ከ6 ወር በላይ የሆነ አንድ ጉዞ ተከታታይነቱን እንዳቋረጠ ይገመታል፤ አመልካቹ ግን ሊያስተባብል ይችላል። 1 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነው ጉዞ ያቋርጠዋል። የመመለሻ ፈቃድ መያዝ ይህን አያድንም። ፈቃዱ በሩን ያስከፍታል እንጂ የዜግነቱን ዘመን አይቆጥርም።

ከአሜሪካ በር ወደ ሌሎች በሮች እንለፍ። ቋሚ ነዋሪ ዜግነቱ ስላልተለወጠ የሚጓዘው በኢትዮጵያ ፓስፖርቱ ነው፤ ፓስፖርቱ ካለፈበት ካርዱ ብቻውን የትም አያደርሰውም። ካርዱ በአንዳንድ አገሮች ዘንድ የራሱ ዋጋ አለው። ካናዳና ሜክሲኮ የአሜሪካን ቋሚ ነዋሪ ያለ ቪዛ ያስገባሉ፤ ካናዳ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2022 ወዲህ ከካርዱ ጋር የጸና ፓስፖርት ትጠይቃለች። በአውሮፓ ሼንገን አገሮች ኢትዮጵያዊ በአውሮፕላን ጣቢያ ለመሸጋገር ብቻ እንኳ ቪዛ እንዲይዝ ይጠየቃል፤ የአሜሪካን የነዋሪነት ካርድ የያዘ ግን ከዚህ ነጻ ነው። ከጣቢያው ወጥቶ ከተማ ሊገባ ቢሻ ግን ቪዛ ያስፈልገዋል። ሰነድ የሌለውን መንገደኛ ያመጣ አየር መንገድ መቀጫ ስለሚከፍል፣ ድንበሩ የሚጀምረው በዋሽንግተን ሳይሆን በቦሌ የመሳፈሪያ መስኮት ላይ ነው። ካርዱ በአገር ቤት የጠፋበት ሰውም ከኤምባሲው የመሳፈሪያ ማስረጃ ማግኘት አለበት።

በጥገኝነት ምክንያት ነዋሪነት ያገኘ ሰው ሌላ ጥንቃቄ ያሻዋል። ሸሽቶት ወደ ወጣው አገር፣ በዚያው አገር ፓስፖርት መመለሱ፣ ጥገኝነት ሲጠይቅ የተናገረው እውነት ነበርን የሚል ጥያቄ ሊያስነሣ ይችላል። የአገር ቤት መንግሥት ቢለወጥም፣ ምክር ሳይጠይቁ መሄድ አይገባም።

በእነዚህ ሕጎች ላይ የፖለቲካ ነፋስም ይነፍሳል። እ.ኤ.አ. በጥር 27 ቀን 2017 የወጣው የፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ ሱዳንንና ሶማሊያን ጨምሮ በ7 አገሮች ዜጎች ላይ ሲወድቅ፣ መጀመሪያ ላይ ቋሚ ነዋሪዎችንም ነክቶ ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላ እንደማይመለከታቸው ተገለጸ፤ በመጋቢት የወጣውም ትእዛዝ በግልጽ ነጻ አደረጋቸው። በሰኔ 2025 የወጣው አዋጅም ኤርትራን፣ ሶማሊያንና ሱዳንን ቢነካም ቋሚ ነዋሪዎችን አልፏል። ሆኖም በእነዚያ ጥቂት የጥር ቀናት በአውሮፕላን ጣቢያ የታገደው ሰው፣ በዜጋና በነዋሪ መካከል ያለው ልዩነት ምን ያህል እንደሆነ ከማንም መምህር የበለጠ ተምሯል።

ሌሎች አገሮችስ? ብሪታንያ ያልተወሰነ የመኖሪያ ፈቃድ የሰጠችው ሰው በአብዛኛው ከ2 ዓመት በላይ በውጭ ከቆየ መብቱ ይቀራል። ካናዳ በ5 ዓመት ውስጥ 730 ቀን መገኘትን ትጠይቃለች። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ የረጅም ጊዜ ነዋሪ 12 ተከታታይ ወር ከኅብረቱ ውጭ ከቆየ መብቱን ሊያጣ ይችላል፤ የኅብረቱ ፍርድ ቤት ግን በጥር 2022 በዚያ ጊዜ ውስጥ ለጥቂት ቀናት መገኘት እንኳ እንደሚበቃ ወስኗል። እንደምታዩት ካናዳና አውሮፓ ቀን ይቆጥራሉ፤ አሜሪካ ግን ከቀኑ ሌላ ልብን ልመርምር ትላለች። ቀን መቁጠር ግትር ቢመስልም ለመንገደኛው የሚሻል ይመስለኛል፤ የት እንደቆመ ያውቃልና። የሰው ሐሳብ በመስኮት ፊት በደቂቃዎች ሲመረመር ግን፣ ሞገስ ያለው ተናጋሪ ያልፋል፤ ቋንቋ ያጠረው ይወድቃል።

ከዚህ ሁሉ በላይ አንድ የመርሕ ጥያቄ አለ። የፖለቲካና የሲቪል መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን በ12ኛው አንቀጽ ማንም ሰው ወደ ገዛ አገሩ የመግባት መብቱን በዘፈቀደ ሊነፈግ እንደማይገባ ይደነግጋል። ቃል ኪዳኑ «የዜግነቱ አገር» አላለም፤ «የገዛ አገሩ» ነው ያለው። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ኮሚቴም እ.ኤ.አ. በ1999 ይህ አነጋገር ከዜግነት የሰፋ መሆኑን አስረድቷል። ልጆቹን ያሳደገበት፣ ግብር የከፈለበት፣ ወዳጆቹን የቀበረበት ምድር ለአንድ ሰው የገዛ አገሩ አይደለምን? የአርባ ቀን ተዝካር አውጥቶ፣ ሙት ዓመት ጠብቆ፣ ያዘነችን እናት አጽናንቶ የሚመለስ ሰው ቤቱን የተወ ሳይሆን የልጅነት ዕዳውን የከፈለ ነው። ሕግ አውጪዎች ይህን በግልጽ ቢጽፉት ፍትሕ ይሆን ነበር። እስከዚያው ግን ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ራሳችንን ማዘጋጀት የራሳችን ፋንታ ነው።

ዝግጅቱም ከባድ አይደለም። ከመውጣት በፊት የመመለሻ ትኬትን፣ የአሠሪን የፈቃድ ደብዳቤ፣ የቤት ኪራይ ወይም የቤት ብድር ውልንና የግብር ወረቀቶችን ቅጂ መያዝ፤ ወላጅ ለማስታመም የሚሄድ ሰው የሐኪም ማስረጃ ማስቀመጥ፤ ጉዞው ከ1 ዓመት ሊበልጥ የሚችል ከሆነ የመመለሻ ፈቃዱን አስቀድሞ መጠየቅ፤ የወጡበትንና የተመለሱበትን ቀን መዝግቦ መያዝ። ይህ ሁሉ ተሰብስቦ አንድ አቃፊ አይሞላም።

ብዙዎች «ዜጋ መሆኑ አይሻልምን?» ይሉኛል። ለጉዞ ብቻ ከታየ ይሻላል። ነገር ግን የኢትዮጵያ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 የሌላ አገር ዜግነት በፈቃዱ የወሰደ ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን እንደ ተወ ይቆጥረዋል። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የተፈቀደው፣ በተለምዶ ቢጫ ካርድ የሚባለው መታወቂያ ለትውልደ ኢትዮጵያዊ ያለ ቪዛ መግባትንና መሥራትን ቢፈቅድም፣ መምረጥንና መመረጥን አይመልስለትም። ስለዚህ ምርጫው በሁለት ዕቃዎች መካከል እንደሚደረግ የገበያ ምርጫ አይደለም። አንዱ በር ሲሰፋ ሌላው ይጠባል። እኔ ማንንም ይህን ወይም ያን አድርግ አልልም፤ የምለው፣ የሚመርጥ ሰው ዐውቆ ይምረጥ፤ የማይመርጥም ሰው ባለመምረጡ የሚሸከመውን ሸክም ዐውቆ ይሸከም ነው።

ክቡራትና ክቡራን፤ ቋሚ ነዋሪ ሁለት ቤት ያለው ሰው ነው፤ ሕጉ ግን የሚያውቅለት አንዱን ብቻ ነው። ይህን ልዩነት ለወላጆቻችን፣ ለታናናሾቻችንና አዲስ ለሚመጡት ማስረዳት ከማኅበራችን ሥራዎች አንዱ እንዲሆን አሳስባለሁ። በየዓመቱ ከክረምት ጉዞ በፊት አንድ የምክር ምሽት ቢዘጋጅ፣ ሕግ ዐዋቂዎቻችን ጊዜያቸውን እንደሚሰጡ አልጠራጠርም።